መካኒክ ከመጠራቱ በፊት
የማኅበር ትራክተርና የጭነት መኪና ሲታመሙ በግቢ የሚደረግ ምርመራ

በሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ ለሁለት ቀን ጋብ ብሎ አፈሩ ለስንዴ ዘር የሚመች እርጥበት በያዘበት ሰዓት፣ የማኅበሩ ትራክተር ከማሳው መካከል ቀጥ ይላል። ነጂው ቁልፉን ደጋግሞ ያዞራል፤ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም። ብዙም ሳይቆይ ሊቀ መንበሩ ይደርሳሉ፤ ገንዘብ ያዡ ይከተላሉ፤ የእርሻ ተራቸውን ሲጠብቁ የቆዩ አባላትም ከበው ይቆማሉ። አንዱ «የናፍጣ ፖምፓው ሄዷል» ይላል፤ ሌላው ነጂውን ይወቅሳል። ክርክሩ ሲበዛ ቁልፉ እንደገና ይዞራል፤ በመጨረሻ ባትሪውም ይደክማል። ማታ ወደ ከተማ ሰው ይላካል። መካኒኩ በሦስተኛው ቀን ይመጣና በናፍጣው መስመር ውስጥ የገባውን አየር አስወጥቶ በግማሽ ሰዓት ሥራውን ይጨርሳል። የመጓጓዣው፣ የውሎ አበሉና የእጅ ዋጋው ከማኅበሩ ካዝና ይከፈላል። ያለፈውን የሦስት ቀን እርጥበት ግን የሚመልስ የለም።

የእርሻ መኪና ባለበት ወረዳ ሁሉ ለሚኖር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአርሲ፣ በ1960 ዓ.ም. የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ትራክተር በስንዴ ማሳ ላይ የታወቀ መሣሪያ ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ከወጣና የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ ደግሞ ብዙ ገበሬ ከትራክተርና ከጭነት መኪና ጋር በቅርብ ለመተዋወቅ በቅቷል። ማሽኑ ሲገዛ የሚደረገው ውይይት ረዥም ነው። ማሽኑ ሲታመም ምን እንደሚደረግ ግን እምብዛም አይመከርበትም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድሞ መለየት አለበት። መመርመር ማለት መጠገን ማለት አይደለም። ሊቀ መንበሩ መካኒክ እንዲሆኑ የሚጠይቃቸው የለም። የሚጠበቅባቸው፣ የማኅበሩ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ትክክለኛው ጥያቄ መጠየቁን ማረጋገጥ ነው። ጥሩ ሐኪም በሽተኛውን ከመንካቱ በፊት «ከመቼ ጀምሮ ነው? እንዴት ጀመረህ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የሞተር ምርመራም ከነጂው ይጀምራል። ሞተሩ በድንገት ነው ወይስ እየደከመ ሄዶ ነው የቆመው? ጢስ ነበረው? ቀለሙስ? ከመቆሙ በፊት በዕለቱ ወይም በዋዜማው ምን ተነክቷል? ናፍጣ ከየት ተቀዳ? ከእነዚህ ጥያቄዎች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ መልሱን ይዘው ይገኛሉ፤ ትናንት ፊልትሮ የተለወጠለት ሞተር ዛሬ ካልተነሣ ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ነጂው በቁጣ ከተጠየቀ ግን እውነቱን አይናገርም፤ ስለዚህ ሰዉ በተሰበሰበበት ሳይሆን ገለል ብሎ ቢጠየቅ ይሻላል።

ሞተር አልነሣ ሲል በመጀመሪያ የሚለየው፣ ሞተሪኖው ሞተሩን በደንብ ያዞረዋል ወይስ አያዞረውም የሚለው ነው። በዝግታ የሚያዞረው ከሆነ ወይም «ቀጭ» ብሎ ዝም የሚል ከሆነ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ናፍጣውን መነካካት አያስፈልግም። የፊት መብራቱን አብርቶ ቁልፉን ማዞር ነው። መብራቱ ደንግዞ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም የባትሪው ራስ ላይ ያለው ማሰሪያ ላልቷል፣ ወይም ነጭና አረንጓዴ ዱቄት መስሎ የሚታየው ዝገት በልቶታል። መብራቱ ሳይደበዝዝ ሞተሪኖው ዝም ካለ ግን ችግሩ ከቁልፉ እስከ ሞተሪኖው ባለው ሽቦ ወይም በራሱ በሞተሪኖው ላይ ነው። በአንዳንድ ትራክተር ማርሽ ውስጥ ከገባ ወይም ፍሪሲዮኑ ካልተረገጠ ሞተሪኖው እንዳይሠራ የሚከለክል ማብሪያ ስላለ እሱም ይታያል። ዝገቱ በሙቅ ውሃና በቢካርቦኔት ታጥቦ ይጠራል። ማሰሪያው ሲፈታ የኔጌቲቩ አስቀድሞ ይፈታል፣ ሲታሰርም መጨረሻ ይታሰራል። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ስለሚፈነዳ ሲጋራም ሆነ ክብሪት ወደ አጠገቡ አይቀርብም።

በየከተማው ሱቅ የሚገኘውን ትንሽ የቮልት መለኪያ ማኅበሩ ቢገዛ የማይቆጨው ዕቃ ነው። ያረፈ ባለ12 ቮልት ባትሪ 12.6 ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ገደማ ካሳየ ግማሽ ደርሷል። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ገደማ ካላሳየ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ አይደለም፤ ምናልባትም ቺንጊያው ላልቷል። ባትሪ ሳይመረመር አዲስ ባትሪ የሚገዛ ማኅበር በሁለተኛው ሳምንት አዲሱም ሞቶ ሊያገኘው ይችላል። ብዙ የጭነት መኪናዎች ሁለት ባትሪ አያይዘው በ24 ቮልት ስለሚሠሩ በእነዚህ ላይ ቁጥሩ እጥፍ ነው።

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልተነሣ ወደ ናፍጣው መሄድ ነው። የገጠር የናፍጣ ሞተር ችግር አብዛኛው ያለው እዚህ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን አፍኖ በመጭመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ላይ ናፍጣ በከፍተኛ ግፊት ሲረጭበት ነው የሚቀጣጠለው። በመስመሩ ውስጥ የአየር አረፋ ከገባ ግን አረፋው እንደ ስፖንጅ ስለሚጨመቅ ፖምፓው የፈለገውን ያህል ቢገፋ ናፍጣው ከኖዝሉ አይረጭም። ስለዚህ «ፖምፓው ሞቷል» ከመባሉ በፊት አየሩ መውጣት አለበት።

በቀድሞው ዓይነት ትራክተር ላይ ሥራው እንዲህ ነው። ሰርባቶዮው ውስጥ ናፍጣ መኖሩና ቧንቧው መከፈቱ ይታያል። ከፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የአየር ማውጫ ቦሎን በአንድ ወይም በሁለት ዙር ይላላል። ከዚያ የማቀበያ ፖምፓው የእጅ መግፊያ ይሠራል። መጀመሪያ አረፋ የተቀላቀለበት ናፍጣ ይወጣል፤ አረፋው ጠፍቶ ጥሩ ናፍጣ መፍሰስ ሲጀምር፣ እየፈሰሰ ሳለ ቦሎኑ ይጠበቃል። ይኸው በናፍጣ ፖምፓው ላይ ባለው ማውጫ ይደገማል። የእጅ መግፊያው ላላ ብሎ ምንም የማይገፋ ከሆነ ተበላሽቷል ብሎ መደምደም አይገባም፤ ውስጡ ያለው ገፊ ጥርስ ሽቅብ ቆሞ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን በትንሹ አዙሮ እንደገና መሞከር ነው። ይህን አንዱን ብቻ የማያውቅ ነጂ ደኅና ፖምፓ አስፈትቶ ወደ ከተማ ያስልካል።

አየሩ ከወጣ በኋላ ከየት እንደገባ ካልታወቀ ግን ነገ ተመልሶ መቆሙ አይቀርም። የጭነት መኪና ሰርባቶዮ ከሞተሩ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ናፍጣው የሚመጣው እየተሳበ ነው። በዚህ በኩል የተሰነጠቀ ቱቦ ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ። ስለዚህ የማያንጠባጥብ ቱቦ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ሰርባቶዮው ከሞተሩ ከፍ ባለበት ትራክተር ግን አየር ብዙ ጊዜ የሚገባው ናፍጣው እስኪያልቅ ሲሠራበት ወይም ፊልትሮ ሲለወጥ ነው።

ሌላም አሳሳች ነገር አለ። ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠርቶ ይሞታል፤ ጥቂት ሲያርፍ ይነሣል፤ እንደገና ይሞታል። እንዲህ ሲሆን የሰርባቶዮውን ክዳን መክፈት ነው። «ፍስስ» የሚል ድምፅ ከተሰማ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኗል፤ ናፍጣው ሲቀንስ በቦታው አየር ስላልገባ ወደ ፖምፓው መሄዱን ያቆማል። መድኃኒቱ ቀጭን ሽቦ ነው።

ውሃ የተቀላቀለበት ናፍጣ ደግሞ የብዙ ጠብ ምንጭ ነው። ናፍጣ ሻጩ ይወቀሳል፣ ነጂው ይጠረጠራል፤ ውሃው የገባው ግን ከማኅበሩ በርሜል ሊሆን ይችላል። ቀጥ ብሎ ደጅ የቆመ በርሜል ራሱ ላይ የዝናብ ውሃ ያቁራል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ በርሜሉ ውስጥ ያለው አየር ስለሚኮማተር ያንን ውሃ በክዳኑ ጥርስ በኩል ይስበዋል። ስለሆነም በርሜል ከጥላ ሥር፣ መቅጃው በኩል ከፍ ብሎ ኋላው ዝቅ እንዲል በእንጨት ላይ ተጋድሞ ይቀመጣል። ተንከባሎ የመጣ በርሜል ሳይቀዳ አንድ ቀን ሙሉ ይረጋ ዘንድ ይተዋል። መቅጃው ቱቦ ከበርሜሉ ወለል ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። የትራክተሩም ሰርባቶዮ ጠዋት ሳይሆን ማታ ከሥራ በኋላ ቢሞላ ሌሊት በባዶው ቦታ ላይ የሚያዝበው ጤዛ ይቀንሳል። ውሃ መኖሩን ለማወቅ ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማጠራቀሚያ በብርጭቆ ጠርሙስ አንቆርቁሮ ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ውሃው ከሥር፣ ናፍጣው ከላይ ተለይቶ በዓይን ይታያል። ጠርሙሱን አባላት በተሰበሰቡበት ማሳየትም ክፋት የለውም፤ ነገሩ ከሐሜት ይወጣል።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ስለ ራሱ የሚናገረው በጢሱ ነው። በደጋ ጠዋት ሲነሣ ነጭ ጢስ ቢያወጣና ሲሞቅ ቢጠፋ ምንም አይደለም። ሞቆም ነጩ ጢስ ካልቆመ ወይም ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው፣ ወይም የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይገልጻል፤ ፋሻው ወይም የቫልቩ ጎማ አልቋል፤ ይህ ለዛሬ ባያቆምም ለበጋ ገንዘብ የሚጠራቀምለት ሥራ ነው። ጥቁር ጢስ ናፍጣው በዝቶ አየሩ አነሰ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የአየር ፊልትሮው ነው እንጂ ፖምፓው አይደለም። በውቂያና በደረቅ እርሻ ጊዜ በአንድ ቀን የሚገባው አቧራና ገለባ በዝናብ ወራት በሳምንት ከሚገባው ሊበልጥ ይችላል። ባለዘይት የአየር ማጣሪያ ከሆነ ሳህኑ በየቀኑ ታይቶ ጭቃ ሲሆን ዘይቱ ይለወጣል፤ የወረቀት ዓይነቱ ከሆነ ይራገፋል፣ ሲያረጅም ይለወጣል፤ በናፍጣ ወይም በቤንዚን ግን አይታጠብም።

እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ መዘንጋት የለበትም። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር አየሩ ስለሚያንሰው ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ቆላ ላይ ባለሦስት ማረሻ የሳበ ትራክተር ደጋ ላይ ቢያቃስትና ጥቂት ቢጠቁር የግድ ታሟል ማለት አይደለም። ማርሽ መቀነስ ወይም የማረሻውን ጥልቀት ማሳነስ ሊበቃው ይችላል።

የውሃው ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በአሰላ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ስለዚህ የክዳኑ ጎማ አልቆ በላስቲክ የታሰረበት መኪና ደጋ ላይ ዳገት ሲወጣ ቢፈላ ሊያስገርም አይገባም። ሞተር ሲሞቅ የሚታዩት ነገሮች የውሃው መጠን፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ መርገብ ያለበት ቺንጊያ፣ በገለባ የተደፈነ የራዲያተር ፊትና የቱቦዎቹ መፍሰስ ናቸው። የፈላ ራዲያተር ክዳን እስኪቀዘቅዝ አይከፈትም፤ በዚህ ምክንያት ፊታቸው የተቃጠለ ነጂዎች አሉ። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ መጨመር ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ ውሃው ውስጥ አረፋ እየተንቦገቦገ የሚወጣ ከሆነና የዘይት መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። ከዚህ በኋላ ያንን ሞተር «ይችን መሬት ብቻ ጨርስ» ብሎ ማዘዝ ሞተሩን መግደል ነው።

ለሊቀ መንበር ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔም ይኸው ነው፤ ተራ የሚጠብቅ አባል ፊቱ ቆሞ ሳለ «አጥፋው» ማለት። የዘይት መብራት ሞተሩ ሲሠራ ከበራ ወይም የዘይት ግፊት መለኪያው ከወደቀ ግን ሌላ ውሳኔ የለም። ወዲያው ይጠፋል። ዘይቱ ይለካል፤ ጎድሎ ከሆነ ይሞላል፤ ሞልቶም መብራቱ ካልጠፋ እዚያው ቆሞ መካኒክ ይጠበቃል። ያለ ዘይት ግፊት የጥቂት ደቂቃ ሥራ የሞተሩን ኩሽኔታዎችና ዋናውን ዘንግ ይበላል፤ የዚያ ጥገና ዋጋ ደግሞ ከአንድ ወቅት የእርሻ ኪራይ ገቢ ሊበልጥ ይችላል። ነጂው ይህን በማድረጉ እንዳይወቀስ አስቀድሞ በማኅበሩ ስብሰባ ቢወሰንለት፣ ማሳው ላይ ማንም ሊያስገድደው አይችልም።

ፍሬንን በተመለከተ ሙከራ የሚባል ነገር የለም። እህልም ሰውም የሚጭን መኪና ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቶበታል፤ ተረግጦ ሳለ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ የፍሬን ዘይት የሚያሳልፍ ጎማ አለ፤ ወደ አንድ ወገን የሚስብ ከሆነም የጎማዎቹ ፍሬን እኩል አይዝም። ከሦስቱ አንዱ ከታየ መኪናው ከግቢ አይወጣም። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባትም እንዲሁ ክልክል ነው። ድጋፉ ጠንካራ ግንድ ይሁን እንጂ ድንገት የሚሰነጠቅ ድንጋይ አይሁን።

በየማኅበሩ ከሞተር በላይ ሰው የሚያጣላው የናፍጣ ፍጆታ ነው። «አምና በዚህን ያህል ሊትር ያን ያህል መሬት ታርሷል፤ ዘንድሮ በዛ» ይባላል፤ ጣት ወደ ነጂው ይቀሰራል። ነጂው ሰርቆ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ሰው ስሙ ከመጥፋቱ በፊት መለካት ይቻላል። ሰርባቶዮው አፉ ድረስ ይሞላል፤ ሁለት ምስክሮች ባሉበት የተለካ መሬት ይታረሳል፤ ከዚያ በታወቀ ጣሳ እየተለካ እስከዚያው አፍ ድረስ እንደገና ይሞላል። የገባው ሊትር ለመሬቱ ስፋት ሲካፈል እውነተኛው ቁጥር ይወጣል። ያም ቁጥር እንደ ዘንድሮው ብዙ ከሆነ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። የአየር ፊልትሮው፣ የደነዘዘው ማረሻ፣ ከልክ ያለፈው ጥልቀትና ኖዝሉ በተራ ይታያሉ። የጭነት መኪና ከሆነ ጥቂት ተነድቶ ሲቆም መዳፍ ሳይነካ ወደየጎማው እምብርት ይጠጋል፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ የዚያ ጎማ ፍሬን አልለቅ ብሎ ናፍጣውን ሲበላ ነበር ማለት ነው።

የጎማ መንሸራተትም በኖራ ይለካል። የኋላው ጎማ ላይ ምልክት ይደረግና ማረሻው ተነሥቶ 10 ዙር ሲሄድ ርቀቱ ይለካል፤ ከዚያ እያረሰ 10 ዙር ይለካል። የመጀመሪያው 40 ሜትር፣ ሁለተኛው 34 ሜትር ቢሆን መንሸራተቱ ከመቶ 15 ነው። ከዚህ ካለፈ ጎማው አልቋል፣ ወይም ትራክተሩ ክብደት ይጨመርለት፣ ወይም መሬቱ ገና ለእርሻ አልደረሰም። የሚንሸራተት ጎማ የሚጨርሰው ናፍጣ በነጂው ጀሪካን ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም።

እስካሁን የተባለው ለቀድሞዎቹም ለአዲሶቹም ሞተሮች ቢሠራም በአንድ ነገር ይለያያሉ። በአሮጌው ዓይነት ሞተር የታመመውን ሲሊንደር ለመለየት የየኖዝሉ ቱቦ ቦሎን በተራ እየላላ ድምፁ ይደመጣል፤ ሲላላ ድምፁ ያልተለወጠው እሱ በሽተኛው ነው። ይህንንም ቢሆን ልምድ ያለው ሰው በጨርቅ ሸፍኖ፣ እጁን አርቆ ነው የሚሠራው፤ በግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ስለሚገባ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው። በኮምፒውተር በሚታዘዙትና ኮመን ሬል በሚባለው አዲስ ዓይነት ሞተር ላይ ግን ግፊቱ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ይህ ሙከራ ፈጽሞ አይደረግም። በእነዚህ ላይ የሞተር ምልክት ያለበት መብራት ሲበራ መኪናው ያስመዘገበውን የጥፋት ቁጥር በማንበቢያ መሣሪያ ማየት ይቻላል። ቁጥሩ ጥፋቱ ያለበትን አካባቢ ይጠቁማል እንጂ የትኛው ዕቃ ይለወጥ ብሎ አይፈርድም፤ ቁጥር አንብቦ ወዲያው ዕቃ ለመግዛት የሚጣደፍ ጋራዥ ካለ ሽቦውና መሰኪያው አስቀድሞ መታየቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ መካኒክ የግድ ካስፈለገ በስልክ የሚነገረው «ትራክተሩ ቆሟል» የሚል ብቻ መሆን የለበትም። የሞተሩ ዓይነትና ቁጥር፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ እንዴት እንደቆመ፣ የጢሱ ቀለም፣ አየር ወጥቶ እንደሆነ፣ ፊልትሮ መቼ እንደተለወጠ ከነገሩት መካኒኩ ምን ዕቃ ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ለአንድ ጓርኒሲዮን ሁለት ጊዜ አይመላለስም። ለዚህ እንዲረዳ ከነጂው ዘንድ አንድ ደብተር ይኑር። ዘይት የተለወጠበት ቀን፣ የተቀዳው ናፍጣና የተገዛበት ቦታ፣ የታየው ጉድለት ሁሉ ይጻፍበት። ነጂው የማይጽፍ ከሆነ ማታ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ሊጽፍለት ይችላል።

ከደብተሩ ጋር የሚቀመጡት ዕቃዎች ብዙ አይደሉም። ለአየር ማውጫዎቹ ልክ የሆኑ ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የቮልት መለኪያ፣ ትርፍ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ትርፍ ቺንጊያ፣ የቱቦ ማሰሪያና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃሉ። ከእነዚህም ጋር በትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ጥቂት የመዳብ ዋሸሮች ይኑሩ፤ የናፍጣ ቦሎን በተፈታ ቁጥር አሮጌው ዋሸር ተመልሶ ከገባ አየር የሚስበው ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ነው።